ባቄላ ሰባት

ደብረ ታቦር መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ ከጫማ መሸጫው በላይ ባለው ፎቅ የሺ ትሠራለች። ሥራዋን ለሰው ማስረዳት ቀላል አይደለም። እናቷ እንኳ ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ስልክ ታክማለች» ብለው ይገላገላሉ። የሺም ይህን ስትሰማ ትስቃለች እንጂ አታርማቸውም፤ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ምጥ የጠናባት እናት መኪና እስከሚገባበት ድረስ የምትወርደው በቃሬዛ ነው። የመንደሩ ወንዶች እየተፈራረቁ ይሸከሟታል፤ አምቡላንሱ ከከተማ ይነሣል፤ ሁለቱ አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። ካልተገናኙ ምን እንደሚሆን በዚያ አገር ያላየ ቤተሰብ ጥቂት ነው። የሺ የምትሠራበት ትንሽ ድርጅት ለዚህ ብሎ አንድ የስልክ ፕሮግራም ሠራ፤ ስሙንም «ቃሬዛ» አለው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስልኳን ከፍታ መገናኛውን ትመርጣለች፤ የሹፌሩ ስልክ ይጮኽና ቦታውን ይነግረዋል። ጉና ላይ ኔትወርክ እንደ ልብ ስለማይገኝ ከእናትየዋ ስምና ከአደጋው ምልክት ጋር ከስልክ ወደ ስልክ የሚሄደው የቦታው ስም ሳይሆን ቁጥሩ ብቻ ነው። ቁጥሩን መልሶ ስም የሚያደርገው በየስልኩ ላይ የተጫነው ፕሮግራም ነው።

ጣጣው የሚመጣው ከመንገዱ ነው። በበጋ መኪና ወንዝ ዳር ድረስ ይወርዳል። ክረምት ሲገባ ያው መንገድ ማጥ ይሆንና እንኳን መኪና በቅሎም ያስቸግራል። ስለዚህ መገናኛዎቹ በዓመት ሁለት ጊዜ ይለወጣሉ፣ ፕሮግራሙም በዓመት ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ይጠቀለላል፤ ስልክ ላይ ለመጫን ይዘጋጃል ማለት ነው። በዚያ ላይ የሠራተኞቹ ስልክ አንድ ዓይነት አይደለም። ለአሮጌው ስልክ አንድ ጥቅል፣ ለአዲሱ ሌላ ጥቅል፣ ለሹፌሮቹ ደግሞ ሌላ። የትኛው ጥቅል በማን ስልክ ላይ እንዳለ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚግባባ የምታውቀው፣ የምታዘጋጀውም የምታደርሰውም የሺ ናት።

ሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ጥቅል በቁጥር ይጠራዋል፤ ሦስት ነጥብ ሁለት ነጥብ አንድ እያለ። የሺም በመጀመሪያው ዓመት እንደዚያው አድርጋ ነበር። ከጉና ጀርባ የምትደውል ሴት ግማሹን ቁጥር ነፋስ እየበላባት፣ ግማሹን እሷው እየረሳችው፣ ሦስቱ ሁለት፣ ሁለቱም አንድ ሆኑና የሺን ሊያሳብዳት ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ቁጥሩን ተወችና ለየወቅቱ ጥቅል የእህል ስም አወጣችለት። ስልኩ ሲከፈት ከላይ ሥዕሉ ይታያል፤ ወይ ስንዴ፣ ወይ ድንች፣ ወይ ገብስ። ከዚያ ወዲህ የሺ ለደወለላት ሁሉ ከሰላምታ ቀጥሎ የምትጠይቀው ጥያቄ «ከላይ ምን ያሳይሻል?» የሚል ነው። ገብስን ከድንች የሚያምታታ ሰው በዚያ አገር አልተወለደም።

ደግሞ አትጥልም። አንድ ጥቅል ከእሷ ጋር የሚሰናበተው የመጨረሻዋ ሠራተኛ ከስልኳ ላይ ካወረደችው በኋላ ነው። በመሳቢያዋ ውስጥ በየቀበሌው ካለው ስልክ ዓይነት አንድ አንድ አለ፤ መስታወቱ የተሰነጠቀ፣ ባትሪው በላስቲክ የታሰረ፣ አንዱማ ጀርባ እንኳ የለውም። ፕሮግራሙን የሚጽፈው ዋልልኝ መሳቢያውን «ሙዚየም» ይለዋል። ዋልልኝ ጎበዝ ልጅ ነው፤ የጻፈው ሁሉ ይሠራል፤ ጠባዩ ግን አዲስ ነገር ከጨረሰ በኋላ አሮጌውን ማየት አይወድም።

«አንቺ ሴት» ይላታል፣ «ሙዚየሙን የምትዘጊው መቼ ነው?»

«አንተ ለሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ስልክ የገዛህ ቀን» ትለዋለች።

ይህን ጠባይ ያመጣችው ከኩዌት ነው። በሠራችበት ቤት ልጆቹ በየጊዜው ስልክ ይቀያይሩ ነበር፤ የጣሉትን እያነሣች፣ አንዱን ከሌላው እያገጣጠመች፣ ማንም ሳያስተምራት ማዳን ጀመረች። አገሯ ስትመለስ ቴክኒክና ሙያ ገብታ የምታውቀውን በወግ ተማረችው። እዚያ ቤት ሳለች የተማረችውን አንድ ነገር ግን ትምህርት ቤት አላስተማራትም፤ አሮጌ ስልክ የያዘ ሰውም የሚደውልለት ሰው አለው።

በዚያ ሰኔ ስልኮቹ ሁሉ ገብስ ላይ ነበሩ። ገብስ የበጋው ጥቅል ነው። የክረምቱ ጥቅል ባቄላ ተጠቅልሎ አልቋል፣ ሐምሌ ሲገባ በአንድ ቀን በሁሉም ስልክ ሊጫን ቀን ተቆርጦለታል። ሁሉም በአንድ ቀን መሆኑ ዋና ነገር ነው። የገብስ ሰባት ወንዝ ዳር ያለው ወፍጮ ቤት ነው፤ የባቄላ ሰባት ግን ላይ አምባ ትምህርት ቤት ነው። አንዷ በገብስ፣ ሌላው በባቄላ ከተነጋገሩ ቃሬዛው ተራራ ላይ፣ መኪናው ወንዝ ዳር ይቀራል።

የሺ ሳትሞክር አታወጣም። ባቄላን ከመሳቢያዋ ባወጣችው አሮጌ ስልክ ላይ ጫነችና ጉና እግር ስር ለምትሠራው ለመክሊት ወስዳ ሰጠቻት። በመክሊት የሥራ ስልክ ላይ ግን ገብስ እንዳለ ቆየ። ለመክሊት የሰጠቻት በምክንያት ነው፤ ልጅቷ የማታውቀውን ነገር ጠይቃ የምትረዳ፣ ያልገባትንም ገባኝ የማትል ናት። በዚያን ዕለት አብረው ዳገቱን ሲወጡ መክሊት ከኪሷ ቆሎ አውጥታ መጀመሪያ ለየሺ፣ ቀጥሎ ለበቅሎው ባለቤት፣ ቀጥሎ መንገድ ላይ ላገኟቸው ሽማግሌ አካፍላ ባዶ እጇን ስትቀር የሺ አየቻት።

«ይህቺ ልጅ» አለች የሺ ለበቅሎው ባለቤት፣ «ብቻዋን መብላት አታውቅም እንዴ?»

«ከናቷ የወረሰችው ነው» አሏት ሰውየው።

የሺ ስቃ ወደ ከተማ ተመለሰች።

ሰኔ ማርያም ዋለች። በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የሺ ከቤት ያመጣችውን የጾም ምሳ ልትበላ ስትቀመጥ ስልኳ ጮኸ። ጋሽ ካሳሁን ናቸው። ጋሽ ካሳሁን አምቡላንስ ሲነዱ ያረጁ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው።

«የሺ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆሜያለሁ» አሉ። «ሰው የለም።»

«ማን ናት የጠራችዎት?»

«ብዙነሽ። ፍቅርተ የምትባል እናት ይዣለሁ ብላለች። ቀዩ ምልክት አለበት።»

ቀዩ ምልክት ደም ማለት ነው። የሺ ምሳውን ገፋ አደረገችው። «ቁጥሩስ?»

«ሰባት። ሰባት ወፍጮ ቤት አይደል?»

«ከላይ ምን ያሳይዎታል?»

«ገብስ።»

ትክክል ናቸው። ገብስ ሰባት ወፍጮ ቤት ነው። ከብዙነሽ ሰፈር እስከ ወፍጮ ቤቱ ደግሞ ቁልቁለት ስለሆነ ሁልጊዜ ቃሬዛው ነው ቀድሞ የሚደርሰው። ዛሬ ለምን ዘገየ? የሺ ለብዙነሽ ደወለችላት፤ በስልክ ውስጥ የምትኖረው ሴትዮ በትሕትና እንደማትገኝ ነገረቻት። ደገመች፤ ያው።

ጋሽ ካሳሁን መልሰው ደወሉ። «ዳመናው ከጉና እየወረደ ነው። እዚህ ዝናብ ከያዘኝ መኪናው ከዚህ ጭቃ አይወጣም። ልቆይ ወይስ ልውጣ?»

ለዚህ ጥያቄ የሺን ማንም አሠልጥኗት አያውቅም። ጥቅል ለማዘጋጀት የተቀጠረች ሴት ናት። ነገር ግን ጋሽ ካሳሁን የደወሉት ለአለቃቸው ሳይሆን ለእሷ ነው፤ ለምን እንደሆነም የተረዳችው በዚያች ደቂቃ ነው። በዚያ ዙሪያ ያለ ስልክ ሁሉ ምን እንደሚናገር የምታውቅ እሷ ብቻ ናት።

«ትንሽ ይታገሡኝ» አለቻቸው።

ቃሬዛው ወፍጮ ቤት ካልመጣ ወይ እናትየዋ መንገድ ላይ አንድ ነገር ሆናለች፣ ወይ ሌላ ቦታ እየጠበቁ ነው። የመጀመሪያውን ማሰብ አልፈለገችም። ሌላ ቦታ ከሆነ ሌላ ሰባት መኖር አለበት። ሌላ ሰባት ያለው ባቄላ ላይ ነው፤ ባቄላ ደግሞ ያለው በመክሊት የሙከራ ስልክ ላይ ብቻ ነው። ለመክሊት ደወለችላት። እሷም የለችም፤ በየቤቱ እየዞረች ይሆናል። አዛለችን አሰበች። አዛለች አስፋልቱ ዳር ባለው ቀበሌ ስለምትሠራ ስልኳ ሁልጊዜ ይገኛል።

«አዛለች፣ የሺ ነኝ። ስልክሽን ክፈቺና ከላይ ያለውን ንገሪኝ።»

«ባቄላ!» አለች አዛለች ደስ ብሏት። «እታለም፣ እንዴት ያለች ቆንጆ ናት። ፊደሉም አድጎልን ለዓይናችን ተስማማን።»

የሺ ከወንበሯ ተነሣች። «ማን ጫነልሽ?»

«መክሊት ናታ። ትናንት ማኅበር ላይ። በደንብ ይሠራል ብላ ለሁላችንም ከስልክ ወደ ስልክ አሳለፈችልን።»

የሺ ዓይኗን ጨፈነች። በዙሪያው ያሉት የጤና ሠራተኞች በወር በወሩ የማርያም ማኅበር አላቸው፤ አንዷ ቤት ይሰበሰባሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ይቀዳል፣ የወሩ ወሬ ይወራል። ዋልልኝ ፕሮግራሙን ሲጽፍ ኔትወርክ ለሌለበት ብሎ ከስልክ ወደ ስልክ የሚያልፍበትን መንገድ ከፍቶ ነበር። መክሊት ሞከረችው፣ ሠራላት፣ ጥሩ ነገር ሆኖ አገኘችው። ጥሩ ነገር ይዞ ማኅበር ገብቶ፣ ሳያካፍሉ ይዞ መውጣት ደግሞ በዚያ አገር ነውር ነው። ሙከራ ማለት አይሰጥም ማለት እንደሆነ ለልጅቷ የነገራት ሰው የለም። የሺም አልነገረቻትም፤ እንዲህ ያለውን ነገር መንገር ያስፈልጋል ብላ አላሰበችም።

«ብዙነሽስ ነበረች?»

«ብዙነሽማ ቀርታለች። ወሯ የገባ እናት አለችኝ ብላ ላከች።»

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ቆመ። ብዙነሽ ማኅበር ካልሄደች ስልኳ ገብስ ነው፤ ስልኳ ገብስ ከሆነ ቃሬዛው ወፍጮ ቤት እየመጣ ነው፤ ጋሽ ካሳሁን ከዚያ መነቃነቅ የለባቸውም። ዋልልኝ አጠገቧ ቆሞ ይሰማ ነበርና «በቃ፣ ይጠብቁ» አለ።

የሺ ግን ስልኩን አልዘጋችም። «አዛለች፣ የብዙነሽን ድርሻ ማን ወሰደላት?»

በማኅበር ቀን የቀረ ሰው ድርሻው አይቀርበትም። ዳቦው ተቆርሶ ይቀመጥለታል፣ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ያደርስለታል። ይህን የማያውቅ የለም። ለፕሮግራም ብልሽት መፈለጊያ ይሆናል ብሎ ያሰበው ሰው ግን ከየሺ በፊት አልነበረም።

«መክሊት ናት የወሰደችላት» አለች አዛለች። «መንገዷ በዚያው አይደል።»

የሺ ስልኩን ዘጋች። «ብዙነሽ ባቄላ ላይ ናት» አለች። «ላይ አምባ ትምህርት ቤት ነው ያሉት።»

«ዳቦ ወሰደችላት ማለት እኮ ጥቅሉን ጫነችላት ማለት አይደለም» አለ ዋልልኝ። ማሾፉ አልነበረም። «ብትሳሳቺስ?»

«መክሊትን አታውቃትም» አለችው።

ለጋሽ ካሳሁን ደውላ ይህንኑ ነገረቻቸው። ከወፍጮ ቤት ወደ ላይ አምባ በመኪና ለመድረስ ወደ አስፋልቱ ተመልሶ ዙሪያውን መዞር ነው።

«ሄጄ፣ እነሱ እዚህ ቢመጡስ?» አሉ።

«ኃላፊነቱ የእኔ ነው።»

«ልጄ፣ ያንቺ ኃላፊነት ለእሷ ምን ይበጃታል?»

ይህን ያሉት ተቆጥተው አይደለም፤ ለዚህ ነው የሺን የከበዳት። «ባለ ወፍጮው አሉ?» አለች።

«አሉ።»

«ቁጥሬን ይስጧቸው። ቃሬዛው ከመጣ ከቤት አስገብተው እንዲደውሉልኝ። ከክምር ድንጋይ ከተማ በኩል ሌላ መኪና እንዲነሣ አደርጋለሁ። እርስዎ ግን ዝናቡ ሳይቀድምዎት ይውጡ። የገብስ ሰባት አይደለም፣ የባቄላ ሰባት ነው የጠራችዎት።»

«የባቄላ ሰባት» አሉ ጋሽ ካሳሁን ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ሞተሩ ሲነሣ ተሰማት።

ከዚህ በኋላ ያለውን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን በመጸለይ ወይም ጥፍሩን በመንከስ ያሳልፈው ነበር። የሺም ጸልያለች፤ እጇ ግን ሥራ አልፈታም። ማኅበሩ ላይ የነበሩት ሁሉ አሁን ባቄላ ላይ ናቸው። መልሳ ገብስ ልታደርጋቸው አትችልም፤ ጥቅሉ ወደ ኋላ ሲመለስ የእናቶቹን መዝገብ ከስልኩ ያጠፋል። ሹፌሮቹን ሁሉ ወደ ባቄላ ብታመጣቸው ደግሞ ማኅበሩ ያልደረሰባቸው ቀበሌዎች በገብስ ይጠሯቸዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ያዘች። ለየሹፌሩ እየደወለች ከዛሬ ጀምሮ ቁጥር ብቻ ሰምተው እንዳይነሡ፣ መጀመሪያ የእህሉን ስም እንዲጠይቁ ነገረቻቸው። ለምታገኛት የጤና ሠራተኛ ሁሉ ቁጥሩ ከተላከ በኋላ «ገብስ ነኝ» ወይም «ባቄላ ነኝ» ብላ በመልእክት እንድታስከትል ነገረቻት። ለደወለችላቸው ሁሉ ድምጿ አንድ ነበር፤ የተረጋጋ፣ እንዲያውም ሳቅ ያለበት። የሰሙት ሁሉ ተራ ማሳሰቢያ መስሏቸው ነበር።

ዋልልኝ ሳትጠይቀው መሳቢያውን ከፈተ። ሙዚየሙን በሙሉ ጠረጴዛው ላይ ደርድሮ አሮጌዎቹን ስልኮች አንድ በአንድ ባቄላ ይጭንባቸው ጀመር፤ በየአምቡላንሱ ከገብሱ ስልክ ጎን አንድ የባቄላ ስልክ እንዲኖር። መሐል ላይ መብራት ሄደ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ዋልልኝ ጀርባ የሌለውን ስልክ አንሥቶ አየውና «ይኼም ይነሣል?» አለ።

«ባትሪውን በጣትህ ደግፈው» አለችው።

ባለ ወፍጮው አልደወሉም። ያ ጥሩ ምልክት ይሁን መጥፎ የሺ አታውቅም። ስልካቸው ተዘግቶ ይሆናል። ዝናቡ ኔትወርኩን ወስዶት ይሆናል። ደሞ መክሊት ያን ዕለት መሽቶባት፣ ዳቦውን ለጎረቤት ሰጥታ አልፋ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ሲመጣባት የሺ ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ፍቅርተን አታውቃትም፤ በዓይኗ አይታት አታውቅም። የማታውቃትን ሴት ሕይወት በአንድ ቁራሽ ዳቦ ላይ አስይዛለች።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ተርገፈገፈ። ጽሑፍ ነው፤ ከጋሽ ካሳሁን።

«ባቄላ ሰባት። አገኘኋቸው። ይዤ እየወረድኩ ነው።»

የሺ አነበበችው፣ ለዋልልኝ ሰጠችው፣ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ በክንዷ ተደፍታ አለቀሰች። ዋልልኝም ስልክ የሚጠግን መስሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ብዙነሽ ከሆስፒታል የደወለችው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። ቃሬዛውን ትምህርት ቤቱ በረንዳ ሥር አስጠግተው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ደራርበው በላይዋ አልብሰው፣ መኪና ሲጠብቁ ቆይተዋል። ፍቅርተ ብዙ ደም ፈሷታል፤ ደም ተሰጥቷት ነቅታለች፤ ሴት ልጅ ወልዳለች። የወፍጮ ቤቱ መንገድ ደግሞ ጋሽ ካሳሁን ከወጡ ብዙም ሳይቆይ ተቆርጧል። እዚያ ቆይተው ቢሆን መኪናውም እናቲቱም በየፊናቸው ይቀሩ ነበር።

«መክሊት ማታ ዳቦውን አምጥታልኝ፣ ስልክሽን አምጪ አለችኝ» አለች ብዙነሽ። «ደክሞኛል ነገ ብላትም እንቢ አለች። ያንቺ ድርሻ እኔ ጋ አያድርም አለች።»

በማግሥቱ የድርጅቱ ኃላፊ አቶ ጌጡ መጡ። አቶ ጌጡ ደግ ሰው ናቸው፤ ሲደነግጡ ግን ቁልፍ ይፈልጋሉ። ከስልክ ወደ ስልክ ማሳለፊያው ይዘጋ አሉ። የመክሊት መሥሪያ ቤትም ማስጠንቀቂያ እንዲሰጣት ይጻፍ አሉ።

የሺ ቆማ ሰማቻቸው። «አቶ ጌጡ፣» አለች ሲጨርሱ፣ «ገብስን ከጉና ጀርባ ላሉት ለማድረስ መስከረም ላይ በበቅሎ ስንመላለስ ምን ያህል እንደቆየን ያውቃሉ። መክሊት ባቄላን በአንድ ማኅበር ያንን ሁሉ ቀበሌ አዳረሰችው፤ የቀረችዋን እንኳ ቤቷ ድረስ ሄዳ። እንዲህ ያለ ማድረሻ ገንዘብ ቢፈስለትም አይሠራም። ስሕተቱም የእሷ አይደለም። ሁለት ቦታ በአንድ ቁጥር የጠራን እኛ ነን።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ ዋልልኝ ከጀርባዋ።

«የጠቀለልኩት እኔ» አለች የሺ።

አቶ ጌጡ ሁለቱን አፈራርቀው አዩና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «እንግዲያ ምን ይደረግ?»

የተደረገው ይህ ነው። ከዚያ ወዲህ ቁጥር ብቻውን አይሄድም፤ የእህሉን ስም ከፊቱ አድርጎ ይሄዳል። አዲስ ጥቅል ሲጠቀለል ደግሞ የቀደመውን ጥቅል ቦታዎች በሆዱ ይዞ ይወጣል፤ አሮጌ ስልክ በአሮጌ ስም ሲጠራው አዲሱ ያውቀዋል። የመጀመሪያውን ሐሳብ ያመጣችው የሺ ናት፣ ሁለተኛውን አሮጌ ማየት የማይወደው ዋልልኝ። ሲጨርስ የራሱን አሮጌ ስልክ ከቤቱ አምጥቶ መሳቢያዋ ውስጥ ጣለላት። «ለሙዚየሙ» አለ፤ በዚያች ቃል ውስጥ ያለፈው ጊዜ ማሾፍ አልነበረም።

አንድ ያልተስተካከለ ነገር ግን ቀረ። መክሊት የሆነውን ሁሉ ከሰማች ወዲህ ሌላ ሰው ሆነች። የሐምሌ ማርያም ማኅበር አልመጣችም፣ የነሐሴም አልመጣችም። በስልኳ ላይ አንድ ነገር ብቅ ባለ ቁጥር ለየሺ እየደወለች «ይኼን ልንካው?» ትላለች። የሙከራውን ስልክ በጨርቅ ጠቅልላ በሰው መልሳ ላከችው። የሺን ይህ ከዚያ የዝናብ ቀን ጭንቀት ይልቅ ከነከናት። እንዲያ ያለ እጅ ሲታጠፍ ማየት አልቻለችም።

መስከረም ላይ የበጋው ጥቅል ስንዴ ደረሰ። የመስከረም ማርያም ማኅበር ተረኛዋ ብዙነሽ ነበረች። የሺ ዳቦ በአንድ እጇ፣ የሙከራውን ስልክ በሌላ እጇ ይዛ ወጣች። መንገዷን ግን ጠምዝዛ በመክሊት ቤት አለፈች፤ ልጅቷን ከበሯ ይዛ፣ እንቢታዋን ሳትሰማ፣ ወደ ማኅበሩ ነዳቻት።

ቤቱ ሞልቷል። አዛለች አለች፣ ጋሽ ካሳሁንም ተጠርተው ከሽማግሌዎቹ ጎን ተቀምጠዋል። ፍቅርተ ልጇን አቅፋ ጥግ ላይ አለች፤ መክሊት ስትገባ ተነሥታ ሕፃኗን ክንዷ ላይ አስቀመጠችላት። መክሊት ሕፃኗን ይዛ ወዴት እንደምታይ ጠፋት።

የሺ ሁሉም እስኪረጋጉ ጠበቀች። ከዚያ የሙከራውን ስልክ ከፈተች፤ ከላይ የስንዴ ዛላ ብቅ አለ። ሴቶቹ ሁሉ ስልካቸውን አወጡና ወደ የሺ ዘረጉ፤ ከእሷ እጅ ሊቀበሉ። የሺ ግን አልሰጠቻቸውም። መክሊት አጠገብ ሄዳ ተቀመጠችና ስልኩን ከሕፃኗ ጎን፣ ጭኗ ላይ አኖረችላት።

«እታለም፣ እኔ?» አለች መክሊት።

«አዎ፣ አንቺ» አለች የሺ። «ያልመጡትንም ቤታቸው ድረስ። ብቻሽን እንዳትበዪ።»